የጅጅጋው ቦሎቄና የእኔ ዝውውር

ቦሎቄን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ከሳህን ላይ ነው። እኔ ግን የማውቀው በሜትር ነው። በአንዱና በአንዱ ተክል መካከል ምን ያህል ክፍት ቦታ ቢተውለት እንደሚንሰራፋ፣ ምን ያህል ቢቀነስበት እንደሚቀጭጭ፣ ማዳበሪያ ሲያገኝ ቅጠሉ ምን እንደሚመስል፣ ሲያጣ ደግሞ እንዴት እንደሚያኮርፍ አሳምሬ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ጅጅጋ ነው። ጅጅጋ የሄድኩት ፈልጌ አልነበረም፤ የቆየሁትም ፈልጌ አልነበረም። መሄዴን የወሰነው መንግሥት ነው፤ መቆየቴን የወሰነው ግን ቦሎቄ ነው። መንግሥት ሰውን እንዴት እንደሚልክ ሁላችሁም ስለምታውቁት እሱን ልተወውና የቦሎቄውን ላጫውታችሁ።

ጊዜው የደርግ መንግሥት ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ከእርሻ ኮሌጅ የጨረስን ልጆች የተመደብንበት አገር በሰሌዳ ላይ ይለጠፍልን ነበር። ጓደኞቼ ሁለትም ሦስትም እየሆኑ አርሲ፣ ጎጃም፣ ሲዳሞ ደርሷቸው ይተቃቀፋሉ። የእኔ ስም ከሰሌዳው ግርጌ፣ «ጅጅጋ» ከሚለው ቃል ጎን ብቻውን ተቀምጧል። ብቸኝነቴ የጀመረው እንግዲህ ገና መኪና ሳልሳፈር እዚያው ሰሌዳው ላይ ነው።

ብቸኝነት ለሌላው ሰው ቀላል ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን ኮሌጅ ያላስተማረኝ ትምህርት ነበር። ያደግሁት ደብረ ብርሃን፣ ሰባት ልጆች በሁለት አልጋ በምንተኛበት ቤት ነው። ወላጆቻችን ሲወልዱን ስለ ርቀት ያሰቡበት ነገር አልነበረም። እግሬ የወንድሜ ሆድ ላይ፣ የእህቴ ክርን ጎኔ ላይ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። እኛ ቤት ሰው ብቻውን የሚሆነው ሽንት ቤት ሲገባ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በሩ እየተደበደበበት። አባታችን ካረፈ በኋላ አንዳችን ስንመደብ፣ አንዳችን ስንዳር ቤቱ ቀስ በቀስ ሳሳና እናቴ ከትንሿ እህቴ ጋር ቀረች። ስሰናበታት አላለቀሰችም። «ዓመት ሳይሞላህ ትመለሳለህ» አለችኝ፤ እኔም ምን ቸገረኝ፣ አዎ አልኳት።

ጅጅጋ የሚኬደው ከሐረር ነው። አውቶቡሱ የካራማራን ተራራ አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ሜዳው ይከፈታል። እኔ ደጋ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ዓይኔ የለመደው ከፊቱ አንድ ጋራ ቆሞ «እዚህ ላይ ይበቃሃል» እንዲለው ነው። እዚያ ሜዳ ላይ የሚያስቆመው አጥቶ ሄዶ ሄዶ ደከመው። ከዚያ ነፋሱ አለ። የጅጅጋ ነፋስ አንድ ነገር ጠፍቶበት የሚፈልግ ይመስል በየኪሳችሁ ይገባል። መጀመሪያ ቀን ኮፍያዬን ወሰደው፤ ሁለተኛው ቀን ላይ ኮፍያ ማድረግ የጀማሪ ሥራ መሆኑ ገባኝ።

የተከራየሁት ክፍል የአንድ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነበር። ነጋዴው ጥሩ ሰው ነው፤ ችግሩ ሳምንቱን ሙሉ የሚውለው ቶጎጫሌ፣ ድንበሩ ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ከአንዲት ዶሮ በቀር ማንም የለም። የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ቅዳሜ በጠዋት ቤተሰባቸው ወዳለበት ሐረር ይሄዳሉ። የአገሩ ሰው ደግሞ እንግዳ ይወዳል፣ ሰላምታም አይነፍግም፤ ግን ከሶማሊኛ የማውቀው ቃል አንድ ነው፤ «ነባድ»፣ ሰላም ማለት ነው። «ነባድ» እላለሁ፤ «ነባድ» ይሉኛል፤ ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ፈገግ ብለን ቆመን የምንለው እናጣለን። በቀን ውስጥ ይህን ያህል ሰላም እየተባልኩ ይህን ያህል ዝም ያልኩበት ጊዜ በሕይወቴ የለም።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ መሄድ ጀመርኩ። የምጠብቀው ሰው ኖሮኝ አይደለም። የሐረር አውቶቡስ ሲገባ ሰው ሲወርድ አያለሁ፤ ሰው ሲወርድ ማየት ራሱ ሰው የመጣልኝ ያህል ደስ ይለኛል። አንድ ቀን አንድ ረዘም ያለ ወታደር ከአውቶቡሱ ሲወርድ ፊቱን የማውቀው መሰለኝና ሄጄ አቀፍኩት። እሱም አጥብቆ አቀፈኝ። ደህና ነህ ወይ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ፣ ልጆቹስ፣ እነ እትዬስ፣ ሁሉንም ተጠያየቅን። ሻንጣውን ተሸክሜለት ሻይ ቤት ገባንና ሻዩ ከመጣ በኋላ፣ «ይቅርታ ወንድሜ፣ የት ነበር የምንተዋወቀው?» አለኝ። «እኔም ልጠይቅህ እያሰብኩ ነበር» አልኩት። ለካስ ተዋውቀን አናውቅም። ነገ በጠዋት ወደ ጦሩ ሰፈር ይሄዳል። ያም ሆኖ ማናችንም አልተነሳንም፤ ሻያችንን ጨርሰን ሁለተኛ አዘዝን። ስሙን ሳልጠይቀው መለያየታችን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በማግስቱ ኃላፊያችን ቢሮ ገብቼ ዝውውር ጠየቅሁ። ኃላፊያችን ደግ ሰው ነበሩ፤ ሆኖም ደግነታቸው ሁልጊዜ ትንሽ እንቅልፍ ይዞት ነበር። ዓይናቸውን ከወረቀታቸው ላይ ሳያነሱ፣ «ጓድ፣ ምን ሠርተህ ነው የምትዛወረው? ሰው ሲሄድ እኮ የሚነገርለት ነገር ሊኖር ይገባል» አሉኝ።

«ምን ልሥራ?»

«አንድ ሙከራ ሥራ። እዚህ አገር የጥራጥሬ ነገር ማንም አልነካውም። ክረምቱን ጨርሰህ ውጤት ካመጣህልኝ የዝውውር ወረቀትህ ላይ እኔ ራሴ እፈርማለሁ።»

ከቢሮው ስወጣ የደብረ ብርሃን ብርድ ፊቴን ሲነካኝ ተሰማኝ። ለእናቴም ባገኘሁት መንገደኛ፣ ቦሎቄው እንደደረሰ እመጣለሁ ብዬ ላክሁባት። በእናቴ ግምት ቦሎቄ የሚደርሰው ድስት ውስጥ ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ የምደርስ መስሏት በር በሩን ስታይ ዋለች ብላ እህቴ በኋላ ነግራኛለች።

እንግዲህ ሙከራ ማለት ምን እንደሆነ ትንሽ ታገሡኝና ልንገራችሁ። አንድን ማሳ በትንንሽ መደቦች ትከፋፍሉታላችሁ። አንዳንዱ መደብ ላይ ቦሎቄውን አጠጋግታችሁ፣ አንዳንዱ ላይ መጠነኛ ርቀት ሰጥታችሁ፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ አራርቃችሁ ትዘሩታላችሁ። ከዚያ ለአንዳንዱ ዳፕ የሚባለውን ማዳበሪያ ሙሉውን ትሰጣላችሁ፣ ለአንዳንዱ ግማሹን፣ ለአንዳንዱ ግን ምንም አትሰጡም። ምንም ያልተሰጠው ባዶ መደብ ይባላል። ሥራው ሌሎቹ ምን ያህል እንደተጠቀሙ በጉስቁልናው ማሳየት ብቻ ነው። በመደቦቹ መካከል የሚታየው ልዩነት እናንተ ካደረጋችሁት ብቻ የመጣ መሆን አለበት። ሌላ ሰው መሀል ገብቶ አንድ ነገር ካደረገ ሙከራው አበቃለት፤ ቢለመልምም አበቃለት፣ ቢደርቅም አበቃለት።

ተራርቆ የተዘራ ቦሎቄ አንድ በአንድ ሲታይ ደስ ይላል። ቦታ ስላገኘ ቅርንጫፉን ይዘረጋል፣ ፍሬም ያበዛል። ማሳው በሙሉ ሲታሰብ ግን ባዶ መሬቱ ስለበዛ ምርቱ ያንሳል። በጣም ከተጠጋጋ ደግሞ እርስ በርሱ ይሻማል፤ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይመዘዝና ይቀጥናል። ትክክለኛው ርቀት ከሁለቱ መካከል የሆነ ቦታ ላይ ነው፤ የእኔ ሥራ እሱን ማግኘት ነበር። ሰው ተራርቆ ሲኖርም ቅርንጫፉን ያበዛል የሚሉ አሉ። እኔ ያበዛሁት ሻይ ብቻ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ማሳ ተሰጠኝና ካስማና ገመድ ይዤ መለካት ጀመርኩ። መሬት የሚለካ ሰው በየትም አገር ዝም ተብሎ አይታለፍም። በሁለተኛው ቀን ለቤት መሥሪያ ቦታ እየታደለ ነው ተብሎ ተወራና ሰው ሊመዘገብ መጣ። ሽማግሌዎች መጡ፣ ነጋዴዎች መጡ፣ ከመሀል አገር የመጡ አስተማሪዎች እንኳ መጡ። አንዲት ሴትዮ የጥጉን ቦታ ስለወደደችው ካስማው አጠገብ ምንጣፍ ዘርግታ ተቀመጠች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከመጣሁ ጀምሮ ያን ያህል ሰው ፈልጎኝ አያውቅም። ስለዚህ የቦሎቄ ነው ከማለቴ በፊት ሁሉንም እጅ እየነሳሁ ጤንነታቸውን ጠየቅሁ። የቦሎቄ ነው ስል ግን ማሳው ላይ እኔና ነፋሱ ቀረን።

ቀጥሎ የመጣው የፍየል ነገር ነው። የጅጅጋ ፍየል የተከለለ ነገር ስታይ ለእሷ የተቀመጠላት ይመስላታል። ኃላፊያችን እስከ አጨዳ ድረስ ዘበኛ ይቀጠርልህ አሉና አዴር ጃማ መጡ። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ትልቅ ሰው እንዲሁ በባዶ ስሙ አይጠራም። አዴር ጃማ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው የሚታጠቁ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ አዲጋላ የባቡር ጣቢያ ላይ ሲሠሩ ኖረው አማርኛን የተማሩት ከተሳፋሪ ነው። ስለዚህ አማርኛቸው የመንገደኛ አማርኛ ነበር፤ «ና ቶሎ»፣ «ዕቃህን ያዝ»፣ «ደህና ግባ» ሲሉ አንደበታቸው ይፈታል፤ ረዘም ያለ ወሬ ሲመጣ ባቡሩ ያመለጣቸው ያህል ይጨነቃሉ። ለእኔ ግን አማርኛ የሚናገር ሰው ማሳ ላይ መገኘቱ ከደመወዝ ጭማሪ ይበልጥ ነበር። እሳቸው እኔን ሙሃንዲስ ይሉኛል፤ መሬት የሚለካ ሰው ሁሉ ለእሳቸው መሐንዲስ ነው።

ማዳበሪያውን ስጨምር አጠገቤ ቆመው እያንዳንዱን መደብ በዓይናቸው ተከተሉ። ባዶውን መደብ ዘልዬ ወደሚቀጥለው ስሄድ ክንዴን ያዙኝ።

«ሙሃንዲስ፣ ይሄን ረሳኸው።»

«አልረሳሁትም አዴር። እሱ አይሰጠውም።»

«ምን አጥፍቶ?»

ምንም እንዳላጠፋ፣ ለማነጻጸሪያ እንደሆነ፣ እሱ ካልተራበ ሌሎቹ መጥገባቸው እንደማይታወቅ በእጄም በአፌም አስረዳኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። የገባቸው መስሎኝ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት እየታዘቡኝ ነበር።

በእኛ በኩል ዝናቡ ጥሩ ሆነና ቦሎቄው በቀለ። እኔም ጠዋት ጠዋት ማሳው ላይ እየሄድኩ ቡቃያዎቹን ሰላም ማለት ጀመርኩ፤ በአማርኛ፣ በረጅሙ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን አንድ ችግር ነበር። እኔ ክርስቲያን፣ እሳቸው እስላም፤ የአንዳችንን ሥጋ አንዳችን አንበላም። ሰው አጠገብ እያለ ሳይጋብዙ መብላት ደግሞ በእሳቸውም በእኔም ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ ምሳ ዕቃችንን ይዘን እኔ ወደ ማሳው አንድ ጥግ፣ እሳቸው ወደ ሌላው ጥግ እንሄድና ጀርባችንን ተሰጣጥተን እንበላለን። ስንጨርስ ተመልሰን መሀል ላይ እንገናኛለን። ሁለታችንም ምንም እንዳልበላ ሰው ስለ ዝናቡ እናወራለን።

ቡቃያው ጥቂት ቅጠሎች እንዳወጣ ድንበሩ ማዶ ጦርነት ሆነና ከሐርጌሳ በኩል ሰው መጉረፍ ጀመረ። የየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ስደተኞቹን ለመቀበል ተብሎ ወደ ድንበሩ ተላከ። እኔም ከእንግዲህ የእርሻ ባለሙያ ሳይሆን ውኃ አዳይ ነህ ተባልኩ። ጭነት መኪናው ላይ ከመውጣቴ በፊት ወደ ማሳው ሮጥኩና አዴር ጃማን እጃቸውን ይዤ፣ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝን ንግግር ተናገርኩ።

«አዴር፣ አደራ። እንደ ራስዎ ልጆች አድርገው ይጠብቁልኝ።»

«እንደ ልጆቼ?» አሉኝ፣ ላለመሳሳት።

«እንደ ልጆችዎ።»

ስለ ድንበሩ ብዙ አላወራም፤ እሱ የሌላ ሰው ሐዘን ነው። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ውኃ ሊቀዳ የሚሰለፈው ሰው ሁሉ ስም ይጣራ ነበር። ልጁን፣ ሚስቱን፣ ወንድሙን ይጣራል፤ አንዳንዱ መልስ ያገኛል፣ አንዳንዱ ነገ መጥቶ እንደገና ይጣራል። እኔ በርሜሉ አጠገብ ቆሜ እሰማለሁ። የእኔን ስም የሚጠራ እንደሌለ ባውቅም ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ዞር እል ነበር። ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ልክ እንደ ጥም ያዘኝ።

ከአንድ ወር በላይ ቆይቼ ተመለስኩ። ከመኪናው እንደወረድኩ ቤቴን እንኳ ሳላይ ወደ ማሳው ሄድኩ። ከሩቅ አረንጓዴ ሆኖ ሲታየኝ ልቤ ሞቀ። ቀረብ ብዬ ሳየው ግን ሌላ ነገር ነው። ማሳው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። የቀጨጨ የለ፣ የተፋፈገ የለ፣ የተራራቀ የለ። ሁሉም እኩል ለምልሞ፣ እኩል አብቦ፣ እኩል ፍሬ ይዟል። ባዶው መደብ የቱ እንደነበር ፈለግሁ፣ አጣሁት። በየመደቡ ራስ የተከልኳቸውን ቁጥር የተጻፈባቸው የቆርቆሮ ምልክቶች ፈለግሁ፣ እነሱም የሉም።

አዴር ጃማ ማሳው ዳር ካለችው የጥበቃ ጎጇቸው ወጥተው እየሳቁ መጡ። ልጅ ያሳደገ ሰው ሳቅ ነበር የሳቁት።

«ምልክቶቹስ?» አልኳቸው፣ ከሁሉም በፊት።

«ነፋስ ሊወስዳቸው ሲል ሰበሰብኩልህ» አሉና ጎጇቸው ውስጥ ገብተው ሁሉንም ቆርቆሮዎች በሲባጎ አስረው፣ በጨርቅ ወልውለው አመጡልኝ። አንድም አልጠፋም።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እሳቸውም አጠገቤ ቁጭ አሉና ያደረጉትን ሁሉ በዝርዝር ነገሩኝ። ምንም የሚደብቁት አልነበራቸውም። ለነዚያ ምንም ላልተሰጣቸው መደቦች ከጋጣቸው የፍየል በጠጥ በጆንያ እየተሸከሙ አመጡላቸው። «ጎረቤቱ እየበላ እሱ ያያል። ወላሂ እንቅልፍ ነሳኝ» አሉ። የተራራቁትን መደቦች ሲያዩ ደግሞ የተረፈውን ዘር አምጥተው ክፍት ቦታው ላይ ጨመሩበት፤ ነፋስ ሲመጣ እያንዳንዱ የሚደግፈው ሰው ይኑረው ብለው ነው። የተጠጋጉትን አዘኑላቸው። «እነዚህ እንደ ሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ታፍነዋል» አሉና የተወሰኑትን ነቅለው ለፍየሎቻቸው ሰጡ። ግማሽ ማዳበሪያ ያገኙት ሳይቀሩ ለምን ግማሽ ተብሎ በጠጥ ተጨምሮላቸዋል።

ጮህኩ። እኔ ቁጡ ሰው አይደለሁም፤ ግን ያን ቀን ከኮሌጅ ጀምሮ ያልተጠቀምኩበትን ድምፅ ሁሉ አወጣሁት። ክረምቱ እንደተቃጠለ፣ ሥራው እንደተበላሸ፣ አሁን የትኛው ከየትኛው እንደሚሻል ፈጣሪ ብቻ እንደሚያውቅ፣ ውጤት ከሌለ ዝውውር እንደሌለ፣ ዝውውር ከሌለ እናቴን እንደማላያት ነገርኳቸው። ስጨርስ አዴር ጃማ ከቁጣዬ ውስጥ ለይተው የያዙት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«እናትህ አለች?» አሉኝ።

«አለች።»

«እና እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?» ብለው ተቀየሙኝ።

ከዚያ በኋላ በምን አቅሜ ልጩህ። የዚያን ቀን እሸቱን ቀጠፍንና በጨው ቀቅለን ከአንድ ጣሳ በላን፤ ቦሎቄ ሃይማኖት የለውም። ስለ እናቴ ጠየቁኝ፤ አወራኋቸው። ስለ ልጃቸው፣ አዲጋላ ስለቀረችው፣ ነገሩኝ። ጅጅጋ ከመጣሁ እንደዚያ ቀን ብዙ አውርቼ አላውቅም። ቢሆንም ሲመሽ ወደ ክፍሌ ስሄድ ሆዴ ውስጥ ያለው ቦሎቄ ሳይሆን ዝውውሩ ነበር።

በሳምንቱ ነገሩን ለኃላፊያችን ለማስረዳት ቢሮ ገባሁ። አፌን ሳልከፍት፣ «ጓድ፣ ነገ ከሐረር ጎብኚዎች ይመጣሉ። ማሳህን ነው የሚያዩት» አሉኝ። ተበላሽቷል አልኳቸው። «ገና ሳይታይ ተበላሽቷል አይባልም» አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ጎብኚዎቹ በሁለት መኪና መጡ። መሪያቸው ወፍራም፣ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሰውዬ ነበሩ። ከመኪናው ሲወርዱ ነፋሱ ኮፍያቸውን ሊወስድ ሲል በእጃቸው ያዙት፤ እስከ ጉብኝቱ መጨረሻም አልለቀቁትም። ሰዎቹ ከሐረር ጀምሮ በመንገዳቸው ያዩት የደረቀ ማሽላና አቧራ ነው። እዚህ ግን ከዳር እስከ ዳር ቦሎቄ ተንዠርግጓል።

«የትኛው ነው ማዳበሪያ ያገኘው?» አሉኝ።

«ሁሉም አግኝቷል ጓድ።»

«ያላገኘውስ?»

«እሱም አግኝቷል። ማለቴ፣ ሙከራው አልተሳካም። ዘበኛው ሳያውቁ ባዶውን መደብ በጠጥ አልብሰውት...»

«በጠጥ!» አሉ መሪው፣ ወደ ጓዶቻቸው ዞረው። «ሰማችሁ? የአካባቢ ሀብት። የውጭ ምንዛሪ አንድ ሳንቲም አልወጣበትም።»

«የለም ጓድ፣ ዳፕም ተጨምሮበታል። ችግሩ የትኛው ምን እንዳገኘ አለመታወቁ ነው። ርቀቱም ቢሆን ተደባልቋል።»

«ሁለቱን አቀናጅቶ ነው» አሉ አንድ ሌላ ጎብኚ። ሦስተኛው ደግሞ፣ «ርቀቱን ከሕዝቡ ጋር ተመካክሮ ነው ያስተካከለው» አሉ። እኔ አልተሳካም ባልኩ ቁጥር እነሱ ትሕትና ነው ይላሉ። ያን ያህል ጊዜ እውነት ተናግሬ ያን ያህል የተመሰገንኩበት ቀን አላውቅም። በመጨረሻ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ጓዶች፣ እኔ እዚህ ማሳ ላይ አልነበርኩም! ድንበር ላይ ውኃ ሳድል ነው የከረምኩት!» አልኩ።

መሪው መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው ዕንባ ያዘለ መሰለኝ፤ ነፋሱም ሊሆን ይችላል። «ስደተኛ እየረዳ» አሉ በቀስታ፣ «ማሳውን እንዲህ አድርጎ።» ከዚያ ወደ ኃላፊያችን ዞሩ። «ይህ ልጅ ለዚህ አገር የተፈጠረ ነው። ወደ መሀል አገር እንዳትለቁት። ማሳውን በሚቀጥለው ዓመት አስፍቶ ይቀጥል።»

ኃላፊያችንን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ነቅተው አየኋቸው። ጎብኚዎቹ ሲሄዱ ትከሻዬን ያዙኝና፣ «ምን ላድርግህ ልጄ» አሉኝ። «ባይሳካልህ ኖሮ እፈርምልህ ነበር። ማነው ያልተሳካለትን ሰው አልለቅም የሚለው?» ደግነታቸው ያን ቀን እንቅልፍ አልያዘውም ነበር፤ እሱ ነው የባሰ ያሳዘነኝ።

አጨዳው አለቀ። ቦሎቄው ተወቅቶ፣ በጆንያ ሆኖ፣ ጎብኚዎቹ ባዘዙት መሠረት ለዘር ተብሎ ወደ ሐረር ተጫነ። እኔ ልሄድበት የነበረው መንገድ ላይ እሱ ሄደ። ጭነት መኪናው ካራማራን እስኪያልፍ ድረስ ቆሜ አየሁትና ወደ አዴር ጃማ ጎጆ ሄድኩ። ልወቅሳቸው አልነበረም፤ የምሄድበት ሌላ ቦታ ስላልነበረኝ ነው። እሳቸው ምንጣፋቸውን ጠቅልለው፣ ጀበናቸውን በገመድ አስረው፣ ፍየሎቻቸውን ሰብስበው ቆመዋል።

«ወዴት ነው አዴር?»

«ጥበቃው አለቀ። አዲጋላ፣ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ።»

«ኃላፊው እኮ ለሚቀጥለው ዓመትም ሊያስቀጥሩዎት ይችላሉ።»

«አንተ ወደ እናትህ ትሄዳለህ ብዬ ነው እኔም የተነሳሁት» አሉ። «አንተ ከሌለህ እዚህ ከማን ጋር ላወራ? ለልጄ ላክሁባት። ትጠብቀኛለች።»

መቅረቴን ነገርኳቸው። እንዴት እንደቀረሁ አልነገርኳቸውም። ለጥቂት ጊዜ ፍየሎቹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ፍየሎቹን አዩ። ልጅ የምትጠብቀው ሰው ምን እንደሚያደርግ ሁለታችንም እናውቃለን። «ደህና ግባ» አሉኝ፤ ሊሉኝ የፈለጉት ሌላ ቢሆንም ከአማርኛቸው ቶሎ የመጣላቸው እሱ ነበር። ከዚያ ወደ ሜዳው ወጡ። ያ ሜዳ የሚጋርድ ነገር ስለሌለው የሚሄድ ሰው ቶሎ አይጠፋም፤ የከሰዓት በኋላውን ግማሽ ቆሜ ሳያቸው ዋልኩ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ስልክ ቤት ሄድኩ። ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን መደወል ማለት ቀድሞ ጥሪ አስይዞ፣ እናቴ ስልክ ቤት እንድትመጣ መልእክተኛ ተልኮላት፣ እኔ ጅጅጋ እሷ ደብረ ብርሃን አግዳሚ ላይ ተቀምጠን መስመር እስኪገኝ መጠበቅ ማለት ነው። በምጠብቅበት ጊዜ ነገሩን እንዴት እንደምነግራት ሳዘጋጅ ቆየሁ። ክፉ ዜና እንዳይመስላት በመልካም ጎኑ ልነግራት ወሰንኩ። ስልከኛዋ ስሜን ስትጠራ ተነስቼ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ገባሁ።

«አቤት ልጄ» አለች እናቴ። ድምፅዋ ከሩቅ ነበር፣ በአራት ከተማ ውስጥ አልፎ የመጣ። «ቦሎቄው ደረሰ?»

«ደርሷል እማዬ። በጣም ጥሩ ሆነ።»

«እሰይ። መቼ ነው የምትመጣው ታዲያ? አልጋህን አውጥቼ ፀሐይ አስመትቼዋለሁ።»

«እማዬ፣ ዝውውሩ አልሆነም።»

ቶሎ ብዬ ቀጠልኩ፤ «ክፉ ነገር እንዳይመስልሽ። ከሐረር ትልልቅ ሰዎች መጥተው ሥራዬን አዩና በጣም ወደዱት። በጣም ስለወደዱኝ ነው አንለቅህም ያሉት።»

መስመሩ ላይ ነፋስ የሚመስል ድምፅ መጣ።

«እና እኛ የለቀቅንህ» አለች እናቴ፣ «ስላልወደድንህ ነው?»

ስልከኛዋ መሀል ገብታ፣ «ጨርሳችኋል?» አለች።

ጨርሰናል አልኳት።